መርፌና ሸክላ፦ ማን ማንን ሲሞርድ ኖረ?

ለዓመታት ከቆየበት ዕቃ ቤት የወጣ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ አስቀድሞ የሚጠይቀው መርፌ ነው። ሞተሩ ቢዞር፣ ክንዱም ቢታዘዝ፣ መርፌው ወይ ተሰብሯል ወይ አልቋል። ያን ጊዜ ባለቤቱን ሁለት ስጋት ይይዘዋል፤ ውድ ገዝቶ መክሰር፣ ርካሽ ገዝቶ ሸክላውን ማበላሸት። የመርፌ ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ሸክላን ከርካሽ መርፌ ይልቅ ያልተስማማው መርፌ ይጎዳዋል።

ኤሚል በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ግራሞፎን ውሎ አድሮ የተገለገለው በተራ የብረት መርፌ ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል የሚዞረው የዚያ ዘመን ሸክላ ሼላክ ከሚባል ሙጫና ከደቀቀ ድንጋይ የተሠራ በመሆኑ፣ መርፌውን እየሞረደ በቦዩ ልክ ያስተካክለው ነበር። መርፌው አንድ ገጽ ካጫወተ በኋላ ይጣላል። ርካሽ መሆኑም ታስቦበት ነው፤ የሚያልቀው መርፌው፣ የሚቀረው ሸክላው እንዲሆን። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ጀርመን ሳሉ ድምፃቸውን ያስቀረጹት በዚህ ዓይነቱ ሸክላ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1948 ኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ አርሲኤ ባለ 45 ዙሩን አወጡ። አዲሱ ሸክላ ከለስላሳ ቪኒል እየተሠራ፣ ቦዩም እየጠበበ ሄደ። 75 ማይክሮን ገደማ የነበረው የመርፌ ጫፍ ወደ 25፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ስቴሪዮ ለገበያ ከቀረበ በኋላም ወደ 18 ማይክሮን ገደማ ቀጠነ። ጫፉ ከሰንፔር ወይም ከአልማዝ ተሠራ። ከዚህ ወዲህ ሚናው ተገለበጠ፤ ጥንካሬው ወደ መርፌው፣ ልስላሴው ወደ ሸክላው ዞረ። ሞራጁ አሁን መርፌው ነው።

አምሃ እሸቴ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ የነበረውን የማሳተም ብቸኛ መብት ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 «አምሃ ሪከርድስ»ን ሲያቋቁም፣ የዓለማየሁ እሸቴን የመሳሰሉ ድምፆች ለሕዝብ የደረሱት በእነዚህ ለስላሳ ሸክላዎች ነው። «ካይፋ»ም ተከተለ። በዚያ ዘመን በየአገሩ ተራው ሰው የሚገዛው ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ባለ ሴራሚክ ካርትሪጅ ነበር። ካርትሪጅ ማለት መርፌውን ይዛ እንቅጥቅጡን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጠው ትንሽ ዕቃ ናት። ሴራሚኩ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ብርቱ ስለሆነ አነስተኛ አምፕሊፋየር ይበቃዋል፤ ማጫወቻውን ያረከሰውም ይኸው ነው። በአንጻሩ ብዙ ጊዜ አምስት ግራምና ከዚያ በላይ ጫና ይፈልጋል። ያለቀ መርፌ በዚህ ክብደት ሲሄድበት ቦዩ ይላጋል፤ የተላገው ደግሞ አይመለስም።

መፍትሔው የመጣው ከማግኔት ነው። ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ኤም3ዲ የተሰኘውን ባለ ተንቀሳቃሽ ማግኔት የስቴሪዮ ካርትሪጅ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1962 ቶኪዮ ላይ የተመሠረተው ኦዲዮ-ቴክኒካም በዚሁ ሙያ ጀመረ። በዚህ ዓይነቱ ካርትሪጅ ጫናው በአመዛኙ ወደ ሁለትና ሦስት ግራም ወረደ፤ መርፌው ብቻውን በጣት ተስቦ የሚቀየር ሆነ። የሁለቱ ብሎኖች ርቀት 12.7 ሚሊሜትር ሆኖ መለመዱም ሌላው በረከት ነው። ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅ መሥራቱን ቢያቆም እንኳ የ1970ዎቹ ማጫወቻ የሌላውን አዲስ ምርት የሚቀበለው በዚሁ ልክ ነው።

እንግዲህ መራጩ ከዋጋው በፊት ማጫወቻውን መርምሮ ይወቅ። በሻንጣ መልክ ለሚዘጋው ባለ ሴራሚክ ማጫወቻ የሚበጀው የራሱ ዓይነት አዲስ መርፌ ነው፤ የማግኔቱ ኤሌክትሪክ ለአምፕሊፋየሩ ያንሳል፣ ክንዱም ለቀላል ጫና አልተሠራም። የማግኔት ካርትሪጁ አካል ደህና ከሆነም መርፌውን ብቻ መግዛት ይበቃል። ሁሉም መለወጥ ካለበት፣ ርካሹ ኤቲ3600ኤል ክብ ጫፍ አለው፤ 3.5 ግራም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቪኤም95ኢ ደግሞ ሞላላ ጫፍ ኖሮት በሁለት ግራም ይሠራል፤ በዚያው አካል ላይ ለባለ 78 ዙር ሸክላ የተዘጋጀው መርፌ ይገጠማል። በአንድ ካርትሪጅ የተሰማንም የዓለማየሁንም ዘመን ማድመጥ ይቻላል ማለት ነው፤ መርፌዎቹ ግን አይለዋወጡም።

ጫናው በትንሽ ሚዛን ይለካ። መብዛቱ እንደሚጎዳ ሁሉ ማነሱም ይጎዳል፤ የቀለለ መርፌ በቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል። አልማዝም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ አምራቹ ራሱ ለሞላላው 300፣ ለክቡ 500 ሰዓት ያህል ዕድሜ ይሰጣል። ስለዚህ ስንት ሰዓት እንዳገለገለ የማይታወቅ የታወቀ ስም ያለው አሮጌ መርፌ፣ ከአዲሱ ርካሽ ይልቅ ያሰጋል።

የዋናው ቅጂ ቴፕ በጠፋበት ሁሉ የዘፋኙ ምስክር ያ ሸክላ ብቻ ነው። የግራሞፎን ሰዎች አንድ ገጽ አጫውተው መርፌውን ሲጥሉ የጠበቁት ሥርዓት ዛሬም አልተሻረም፤ ማለቅ ያለበት መርፌው ነው።