ሳብዉፈሩ ተቃጥሏል ከማለታችሁ በፊት

ሽንዲ ላይ ሚኒባስ የምትሠሩ ልጆች፣ ቤዙ ድንገት ዝም ሲል «በቃ ተቃጠለ» ብላችሁ አዲስ ልትገዙ ቡሬ ወይ ፍኖተ ሰላም ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ፣ በመንገድ ንቅናቄ የላላ ገመድ፣ ቦዲው ላይ የታሰረበት ቦታ የዛገ ኔጌቲቭ። አምፑ ላይ የብልሽት መብራት ከበራ አጥፉትና የስፒከሩን ገመድ ነቅላችሁ መልሳችሁ አብሩት። መብራቱ ካልመጣ ስፒከሩን ወይም ገመዱን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ሁሉንም አጥፍታችሁ የስፒከሩን ወረቀት በሁለት እጅ፣ ዙሪያውን እኩል፣ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ከፈገፈገ ወይም አልንቀሳቀስ ካለ ኮይሉ ተጎድቷል። የተቃጠለ ሽታ ካለውማ አትጠራጠሩ። እርግጡን የሚነግራችሁ ግን ቴስተር ነው (ሰፈር ውስጥ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይጠፋም)። ገመዱ እንደተነቀለ ኦም ላይ ለኩ። ጤነኛ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 ያህል ያነባል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሾርት አድርጓል፤ ጭራሽ ካላነበበ ተበጥሷል። ባለ ሁለት ኮይል ከሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ለኩ።

ተቃጥሎ ከተገኘም፣ ምክንያቱ ካልታወቀ አዲሱም ይደገማል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ አምፑ ላይ ያለችው «ጌይን» ናት። ልጆች እንደ ድምፅ መጨመሪያ ያዞሯታል፤ ሥራዋ ግን ከቴፑ የሚመጣውን ሲግናል ከአምፑ ጋር ማመጣጠን ነው። ስትበዛ ድምፁ ይበላሻል፣ ኮይሉ ይግላል፣ ከዚያ ይነዳል። ስለዚህ ቤዙ መንቋረር ሲጀምር ወዲያው መለስ አድርጓት።