ቅድስቲቱ ጽጌ ረዳና የወናጎ ጓሮ

ጽጌ ረዳ ሲባል ዛሬ በብዙዎቻችን አእምሮ የምትመጣው በላስቲክ ቤት አድጋ ለውጭ ገበያ የምትላከው፣ አበባዋ ድርብርብ የሆነው ዓይነት ናት። የዚህች ዕድሜ ግን አጭር ነው። የዘርፉ ሊቃውንት «ላ ፍራንስ» የተባለችው ጽጌ ረዳ ከወጣችበት ከ1867 እ.ኤ.አ. በፊት የታወቁትን ወገኖች ጥንታዊ፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትን ዘመናዊ ይሏቸዋል።

ከጥንታውያኑ አንዲቱ በአገራችን ስም ትጠራለች። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ አቺል ሪሻር፣ በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ የምትተከለውን ጽጌ ረዳ መዝግቦ «ሮዛ ሳንክታ»፣ ማለትም ቅድስት ጽጌ ረዳ ብሎ ሰየማት። ይህ ስም አስቀድሞ ለሌላ ተክል ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ በ1922 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ሬደር ለሪሻር መታሰቢያ «ሮዛ ሪቻርዲ» አላት። ቁመቷ አጭር ነው፤ አምስት ቅጠለ አበባ ያላት፣ ፈዛዛ ሮዝ መልክ የምታሳይ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምታብብ ናት። ነጭ አበባዋን በየጫካው ከምትዘረጋውና ፍሬዋን እረኞች ከሚበሏት ከአገር በቀሏ ቀጋ ጋር መምታታት የለባትም።

ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1888 እ.ኤ.አ. በግብፅ ፋዩም፣ በሐዋራ፣ ከሮማውያን ዘመን መቃብር የአበባ ጉንጉን አወጣ። ቤልጅጋዊው ሊቅ ፍራንስዋ ክሬፐ ጽጌ ረዳዎቹን መርምሮ ከዚህችው ከኢትዮጵያዪቱ ጋር አዛመዳቸው። ይህች ጽጌ ረዳ ከጋሊካ ወገን የተዳቀለች እንደ ሆነች ይታመናል፤ ጋሊካ ግን በአገራችን ዱር አይበቅልም። እንግዲያው ወደ እኛ ያደረሳት የሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገርም ከዚህ ላይ ነው። ዲቃላ ጽጌ ረዳ ከዘር ብትበቅል እናቲቱን አትመስልም፤ ጠባይዋ የሚጠበቀው በቁርጥራጭና በቡቃያ ሲተላለፍ ነው። አንድ ትውልድ መትከሉን ቢተው፣ መጽሐፍ ስሟን ቢያቆይ እንኳ ተክሊቱን አያስነሣትም።

ይህን የወናጎ ገበሬ ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋል። የጌዴኦ እንሰት የሚራባው አሚቾው ተቀብሮ ከሚወጣው ቡቃያ ነው፤ ልዩ ልዩ ዓይነቶቹም በየስማቸው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። መዝገብ ግን ቡቃያ አይተክልም። ስለዚህ እኛ ባለሙያዎች የዐጸዱንም ሆነ የጓሮውን ጥንታዊ ዓይነት ስንመዘግብ፣ ተካዩንና የአተካከል ዕውቀቱን አብረን ልንጠብቅ ይገባናል።