ከአገር የማስወጣት ችሎትና የመከላከል መብት በአሜሪካ

በአሜሪካ ከአገር እንዲወጣ ክስ የቀረበበት የውጭ ዜጋ ጠበቃ ማቆም ይችላል፤ አቅም ቢያጣ ግን መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲመድብለት አይገደድም። የዚህ ልማድ ሥር የሚገኘው ቻይናውያን ከአገሪቱ እንዲርቁ በሚፈለግበት ዘመን፣ በ1893 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተሰጠ አንድ ፍርድ ነው። በ1892 የወጣው የጊሪ ሕግ ቻይናውያን ሠራተኞች የመኖሪያ ምስክር ወረቀት እንዲይዙ ያስገድድ፣ ወረቀቱን ያላወጣ ሰውም ነዋሪነቱን ቢያንስ በአንድ ነጭ ምስክር እንዲያስረዳ ይጠይቅ ነበር፤ ሊ ጆ የተባለው አመልካች ወረቀቱን የተከለከለው ያቀረባቸው ምስክሮች ቻይናውያን በመሆናቸው ነው። የእርሱንና የሁለት ወገኖቹን አቤቱታ የሰማው ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፎንግ ዩ ቲንግ ተብሎ በሚታወቀው መዝገብ፣ ከአገር ማስወጣት የወንጀል ቅጣት አይደለም ሲል በ5 ለ3 ድምፅ ወሰነ። በዚህም የወንጀል ተከሳሽ ያለው ዋስትና፣ ለምሳሌ በጁሪ ማለትም ከሕዝብ በተመረጡ ሰዎች መዳኘት፣ ለውጭ ዜጋው ቀረበት። ቤቱንና ሥራውን ጥሎ ለሚባረር ሰው ልዩነቱ ከስም ያለፈ አልነበረም።

በ1903 ይኸው ፍርድ ቤት፣ ያማታያ በተባለች ጃፓናዊት ታዳጊ ጉዳይ፣ ወደ አገሪቱ የገባን ሰው ሹማምንት ቃሉን ሳይሰሙ ሊያስወጡት እንደማይችሉና ተገቢው የሕግ ሥርዓት፣ ይኸውም ከውሳኔ በፊት የመሰማት ዕድል፣ እንደሚጠብቀው አስታወቀ። ይሁን እንጂ ልጅቱ ሲያትል ላይ የተመረመረችው በማታውቀው እንግሊዝኛ፣ ጠበቃም ሳይኖራት እንደሆነ ብታመለክት፣ ቋንቋውን አለማወቋ የራሷ መጥፎ ዕድል ነው ተብሎ አቤቱታዋ ወደቀ፤ ለብዙዎች መጠጊያ የሆነው መርሕ ለእርሷ አልደረሰላትም።

በ1950 ፍርድ ቤቱ ተመሳሳይ ጉዳዮችን የሚመረምር ሹም በፈራጅነት መቀመጡን ቢነቅፍም፣ ኮንግረስ በዚያው ዓመት ከአገር የማስወጣት ችሎቶችን ይህን ከሚከለክለው ሕግ ነፃ አደረገ፤ የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም ጠበቃ የማቆም መብትን ሲያጸና ወጪው በመንግሥት ላይ እንዳይወድቅ ደነገገ። በ1963 ድሃ የወንጀል ተከሳሽ ነፃ ጠበቃ እንዲያገኝ ሲፈረድ፣ የ1893ቱ ብያኔ የውጭ ዜጋውን ከዚህ ውጭ አስቀረው። በ1966 መንግሥት ክሱን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ እንዲያስረዳ መገደዱ ግን ትልቅ እርምጃ ነበር።

ፈራጆቹ ዳኛ ተብለው የተጠሩት በ1973 ነው። በ1983 ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ቢለዩም ተጠሪነታቸው ዛሬም ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሆነው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም በይግባኝ የተሰጠን ውሳኔ ወደ ራሱ አቅርቦ መለወጥ ይችላል። በእነዚህ ችሎቶች የሚቀርብ አማርኛ ተናጋሪ ጥገኝነት ጠያቂ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይመደብለታል፤ ጠበቃውን ግን በገንዘቡ ይቀጥራል፣ ወይም በነፃ የሚቆምለት በጎ አድራጊ ይፈልጋል።