«ሽርክና» የተባለው ቡና

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው አክስቴ ለእረፍት የመጣች ጊዜ ከሻንጣዋ ካወጣቻቸው ስጦታዎች መካከል አንድ የቡና ከረጢት ነበር። ፊቱ ላይ በትላልቅ ፊደላት «ይርጋ ጨፌ» ተብሎ ተጽፎበታል። እናቴ ከረጢቱን እያገላበጠች አየችውና «አንቺ፣ ቡና ከአሜሪካ ታመጪልኛለሽ?» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ከሳቁ አልቀረሁም። ዳሩ ግን ከረጢቱን ተቀብዬ ጀርባውን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ይህን ስም እንዲጽፍበት ለዚያ ማዶ ነጋዴ ማን ፈቀደለት? ፈቃድ ሰጪውስ ሥልጣኑን ከየት አገኘው?

ታሪኩ የሚጀምረው በ2004 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ክርክሩ በእነሱ አደባባይ ስለተካሄደ አቆጣጠሩንም ለእነሱ ትቻለሁ።) በዚያ ዓመት ስታርባክስ የተባለው ታላቁ የአሜሪካ የቡና ኩባንያ በፀሐይ የደረቀ የሲዳሞ ቡና ሊሸጥበት ያሰበውን ስም በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብለት ለአገሩ መንግሥት አመለከተ። ስሙ «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ነበር። ሽርክና ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ መተርጎም አያሻም። ኋላ ቡናው ለገበያ ሲቀርብ ፓውንዱ እስከ 26 ዶላር ተሸጠ። ከሁለቱ ሸሪኮች አንደኛው፣ ማለትም ገበሬው፣ በስሙ ሽርክና መግባቱን የሰማ አይመስለኝም።

በመጋቢት 2005 በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በኢትዮጵያ ስም እንዲመዘገቡ እዚያው አሜሪካ አመለከተ። የሲዳሞ ፋይል ግን መጠበቅ ነበረበት፤ ከፊቱ የቀደመ አመልካች አለና። አገሪቱ በገዛ ጠቅላይ ግዛቷ ስም ወረፋ ተሰልፋ፣ ከአንድ ቸርቻሪ ኋላ ቆማ ነበር ማለት ነው። ስታርባክስ ማመልከቻውን ያነሣው በ2006 ነው።

ሌላም ሰው ተነሣ። በ1911 የተመሠረተውና ስታርባክስም አባል የሆነበት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ምዝገባውን ተቃወመ። እነዚህ ቃላት የማንም ምልክት አይደሉም፤ ቡናው የበቀለበትን አካባቢና የቡናውን ዓይነት የሚገልጹ የወል ስሞች ናቸው አለ። የምዝገባው ቢሮም ሐረርን በ2005፣ ሲዳሞን በ2006 በተመሳሳይ ምክንያት መለሳቸው። ይርጋ ጨፌ ብቻ አለፈ። ልብ በሉ፤ የገዢዎች ማኅበር ሲደራጅ እንዲህ ነው። የሻጩ ስም የማንም ሆኖ እንዲቀር አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

የስታርባክስ ሰዎች በበኩላቸው ምክር አቀረቡ፤ የንግድ ምልክቱን ተዉትና የማረጋገጫ ምልክት አውጡ የሚል። ምክሩ ሲሰሙት ጥሩ ነው። እንዲያውም ለዚህ የሚጠቀስ ታላቅ አብነት አለ፤ ኮሎምቢያ።

የኮሎምቢያ ቡና አብቃዮች ብሔራዊ ፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1927 ሲሆን፣ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ የገበሬ ቤተሰቦችን ያቀፈ ማኅበር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ፌዴሬሽኑ አንድ የአሜሪካ ማስታወቂያ ድርጅት ቀጥሮ ሁዋን ቫልዴዝ የሚባል ገበሬ አስፈጠረ። ሰውዬው ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጋቢ መሳይ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ኮንቺታ የምትባል በቅሎውን እየሳበ ከተራራ ይወርዳል። እንዲህ የሚባል ገበሬ በሕይወት ኖሮ አያውቅም፤ ተዋናይ ነው። ቢሆንም አሜሪካዊቷ የቤት እመቤት ከራሷ ጎረቤት ይልቅ እሱን ታውቀው ነበር። «የኮሎምቢያ» የሚለው ቃል ራሱ በ1981 አሜሪካ ውስጥ በማረጋገጫ ምልክትነት ተመዘገበ። በ2007 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የኮሎምቢያን ቡና የተጠበቀ ጂኦግራፊያዊ አመልካች አድርጎ መዘገበው፤ ከአውሮፓ ውጭ ለሆነ የምግብ ምርት የመጀመሪያው ነበር።

እኔን የሳበኝ ከምስሉ በስተጀርባ ያለው አሠራር ነው። ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት የገበሬውንና የበቅሎውን ምስል ከረጢቱ ላይ ማተም ሲፈልግ ከፌዴሬሽኑ ጋር ውል ይፈርማል። ስለ ምስሉ የሚከፍለው ገንዘብ የለም፤ ግዴታው ግን ቡናው መቶ በመቶ የኮሎምቢያ እንዲሆን ነው። ፌዴሬሽኑ ቡናው ከመጫኑ በፊት ይመረምረዋል፤ ባሕር ማዶም ከመደርደሪያ ላይ ናሙና ያስመረምራል። ወጪው የሚሸፈነው ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ላይ ከሚቆረጥ መዋጮ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ከረጢት ኋላ መርማሪ፣ ጠበቃና የሒሳብ ሹም ቆመዋል። የማረጋገጫ ምልክት ይህን ሁሉ ይጠይቃል።

እኛስ? የጽሕፈት ቤቱ መልስ ግልጽ ነበር። የኢትዮጵያ ቡና የሚለቀመው ወደ አራት ሚሊዮን ከሚደርሱ ቁርጥራጭ መሬቶች ነው። አብዛኛው ከእንሰት ጋር ተደባልቆ በጓሮ የበቀለ፣ በሴቶች ጀርባና በአህያ ተጭኖ ገበያ የሚደርስ ነው። እያንዳንዱን ጓሮ መርምሮ ማረጋገጫ መስጠት ማለት ከድሃው ኪስ አዲስ ወጪ ማውጣት ነው። ደግሞም ሐረር የሚባለው ቡና የሚበቅለው በከተማዋ አጥር ውስጥ አይደለም፤ በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች ነው። ስሙ ከቦታነት ይልቅ የአንድ ጣዕም መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ የንግድ ምልክት ይሁን፣ ባለቤቱም መንግሥት ይሁን፤ የፈቃዱን ነገር ግን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ቡና ላኪዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ኮሚቴ ተቀምጠው ይምከሩበት ተባለ።

በጥቅምት 2006 ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ለስታርባክስ ተቃውሞውን አሰማ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ጂም ዶናልድ በኅዳር አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በሰኔ 2007 ስምምነት ተፈረመ፤ ቀጥሎም ሲዳሞና ሐረር ተመዘገቡ።

ያ የፈቃድ ውል ታዲያ ምን ይላል? ባለፈቃዱ ሮያሊቲ አይከፍልም። በለውጡ ስሙን ሙሉ በሙሉ ከዚያው ቡና በተዘጋጀ ምርት ላይ ያትማል፤ ስሙንም ያስተዋውቃል። የታሰበው፣ ስሙ ከታወቀ ፈላጊ ይበዛል፤ ፈላጊ ሲበዛ የገበሬው ዋጋ ይወጣል የሚል ነበር። ሐሳቡ ብልህ ነው እላለሁ፤ ገንዘብ እንጠይቅ ቢባል ኖሮ ገዢው ሌላ አገር ቡና አያጣም። የጎደለው እንደ ኮሎምቢያ ያለ፣ የራሱ ገቢና የራሱ መርማሪ ያለው የአብቃዮች ማኅበር ነው። በነጻ የሚሰጥ ፈቃድ ጠባቂ ለመቅጠሪያ የሚሆን ሳንቲም አያስገባም።

ተቃውሞው በአሜሪካ አላበቃም። የመላው ጃፓን ቡና ማኅበር ምዝገባው እንዲሠረዝ አመለከተ፤ በ2009 የጃፓን ቢሮ ሠረዘው፤ በ2010 የጃፓን የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከዚያው አካባቢ ለተመረተ ቡና ምዝገባው እንዲጸና ወሰነ። እዚያም የነጋዴዎች ማኅበር ነው የተነሣው።

የሚገርመው ግን ትልቁ ፈተና ከውጭ አለመምጣቱ ነው። በ2008 መጨረሻ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር፣ የየገበሬው ምርት በየአካባቢውና በየደረጃው ተደባልቆ ተከመረ። ከዩኒየኖች በቀጥታ ከሚገዛው በቀር፣ ይርጋ ጨፌ የገዛ ሰው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ ማወቅ ተሳነው። ስሙን ባሕር ማዶ ስንከራከርለት ከርመን እቤታችን መጋዘን ውስጥ የደረጃ መለያ አደረግነው። ቡናው ምንጩ ታውቆ እንዲሸጥ መንገዱ በሕግ የተከፈተው በ2017 ነው።

ሲዳሞ የሚለውም ስም ሌላ ጣጣ አለው። የአካባቢው ሰው ራሱን ሲዳማ እንጂ ሲዳሞ ብሎ አይጠራም፤ ሲዳሞ ሌሎች ያወጡለት፣ የድሮው ጠቅላይ ግዛት መጠሪያ ነው። ሕዝቡ በ2019 ድምፅ ሰጥቶ በ2020 የራሱን ክልል ሲያቆም ክልሉ ሲዳማ ተባለ። ዋሽንግተን የተመዘገበው ግን ሲዳሞ ነው። ገበሬው የማይፈልገውን ስም ጠበቃ ቀጥሮ ማስጠበቅ ምን ይባላል? ኮሚቴው ሲቋቋም ይህን የጠየቀ ሰው ኖሮ እንደሆነ ማወቅ እወድ ነበር።

እናቴ የአክስቴን ከረጢት ከፍታ አሸተተችው። «የተቆላ ነው እኮ» አለችና መደርደሪያ ላይ አኖረችው። እኔን ከሰፈራችን ሱቅ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ግዛ ብላ ላከችኝ። ባለሱቁ ሁለት ጆንያ አለው። የትኛው የየት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ይኼ የይርጋ ጨፌ፣ ያኛው የሐረር ነው» አለኝ።

«በምን ታውቃለህ?»

«ያመጣልኝ ሰውዬ ነዋ የነገረኝ።»

ከይርጋ ጨፌው አስመዘንኩ።