የሴት ተማሪዎች የጋራ መኖሪያ

የሴት ተማሪዎች የጋራ መኖሪያ የኑሮ ወጪ የሚከብዳቸው ጎበዝ ሴት ተማሪዎች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አብረው የሚኖሩበት፣ ምግብ ማብሰሉንና ጽዳቱን በተራ የሚሠሩበት ቤት ነው። የትምህርት ክፍያ ቢሸፈንም እንኳ ቀለብና ማደሪያ ያጣች ተማሪ ትምህርቷን ታቋርጣለች፤ ቤቱ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አጀማመር

በአሜሪካው ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ሚለር ዋትኪንስ በለገሱት ገንዘብ ዋትኪንስ ሆል እ.ኤ.አ. በ1926፣ ሚለር ሆል ደግሞ በ1937 ለሴቶች ተከፍተዋል። ነዋሪዎቹ በትምህርት ውጤታቸውና በገንዘብ ችግራቸው ተመርጠው ይገባሉ፤ በየማድ ቤቱ በቡድን ተከፋፍለው ያበስላሉ። በኢትዮጵያ ሴቶችን በአዳሪነት በማስተማር ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ በአዲስ አበባ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው።

በፎገራ ሜዳ

ይፋግ በወረታና በአዲስ ዘመን ከተሞች መካከል፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ አብሮ መኖር የሚጀመረው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው። ከገጠር ቀበሌ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ የሚመጡ ልጃገረዶች አንዲት ክፍል በጋራ ይከራያሉ። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ዘንድ ደርሰው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ፦ በፎገራ ሩዝ ከጤፍ ተደባልቆ የተጋገረ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። እንጀራው ሻጋታ እንዳይነካው ከፊሉ ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። አንዷ ወጥ ስትሠራ ሌላዋ ውኃ ትቀዳለች፤ የአንዷ ስንቅ ካለቀ ከሌላዋ ይበላል። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ መንገዱም ስንቁም ይቋረጣል። ኪራይ ሲጨምር ወይም በሩ በወጉ ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ ወላጅ ለልጁ ደኅንነት ሰግቶ ከትምህርት ሊያስቀራት ይችላል።

በዩኒቨርሲቲ

በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች መንግሥት የመደባቸው የመደበኛ መርሐ ግብር ተማሪዎች ዶርም ይሰጣቸዋል። የምግቡና የመኝታው ወጪ በወጪ መጋራት ሥርዓት ከምረቃ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ነው። በዩኒቨርሲቲው ካፌ የማይመገቡት፣ ተማሪዎች «ነን ካፌ» የሚሏቸው፣ የቀለቡን ገንዘብ በየወሩ ተቀብለው ራሳቸው ይመገባሉ። ዶርሙን ፕሮክተር ይቆጣጠረዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ጽዳት ግን ነዋሪዎቹ በተራ ይሠራሉ።

የቀረው ክፍተት

የመንግሥት አልጋ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ነው፤ ለገጠር ልጃገረድ ፈታኙ ጊዜ ግን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እንደ ይፋግና ወረታ ባሉ ከተሞች፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አጠገብ ነው። ተማሪዎቹ ተካፍሎ መብላቱንና ተራ መያዙን ያውቁበታል። የጎደላቸው ቁልፍ ያለው በር፣ ውኃ፣ ማታ የሚያጠኑበት መብራትና ኃላፊነቱን የሚወስድ አካል ነው፤ እነዚህ ከተሟሉ ዩኒቨርሲቲ የሚደርሱ ልጃገረዶች ቁጥር ይጨምራል።