በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ታማኝነት፤ በባሌ ደጋ የግብር፥ የዋስትናና የብድር መዝገብ
የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዕዳ ተያይዘው ሲገኙ፥ የአከፋፈሉ ደኅንነት ወይም ጉድለት በመዝገብ የሚጻፈው በማን ስም ነው? ጥያቄው የባንክ ሰዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በጎባ፥ በሮቤና በዙሪያቸው ባለው ደጋ ከባንክ በፊት የነበረ ነው። ነገሩን በሦስት ዓይነት መዝገብ፥ ይኸውም በግብር ደረሰኝ፥ በዋስ ውልና በቡድን ብድር ተራ በተራ እናየዋለን።

1. የግብር ደረሰኝ

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ የተለካውን መሬት ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፈለው። ለም የሆነ አንድ ጋሻ መሬት 15 ብር ግብርና 35 ብር አሥራት፥ ለም ጠፍ 10 ብር ግብርና 30 ብር አሥራት፥ ጠፍ 5 ብር ግብርና 10 ብር አሥራት ይከፈልበት ነበር። ባሌ በዚያን ጊዜ የሐረርጌ ክፍል ነበረች፤ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት የሆነችው፥ ጎባም ዋና ከተማዋ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው።

በመዝገብ ግብር ከፋይ ተብሎ የሚጻፈው ባለርስቱ ነው። ጭሰኛ በተቀመጠበት መሬት ግን አሥራቱ የሚወጣው ከጭሰኛው አውድማ ነበር። ስለዚህ ጭሰኛው ሃያ ዓመት ሳያጓድል ቢከፍልም በመንግሥት ፊት የከፈለ ሰው አልነበረም፤ ደረሰኙ የሌላ ሰው ስም ይዟልና። ከጉዳቱ ግን አያመልጥም፤ ግብሩ ሲወዘፍና መሬቱ ለመንግሥት ሲገባ፥ አራሹም የእግሩን መቆሚያ ያጣ ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባሌን ካናወጠው አመፅ ምክንያቶች መካከል የመሬት ልኬቱና ግብሩ ዋነኞች ሆነው ይቈጠራሉ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የጭሰኛው የአከፋፈል ታሪክ ግን ቀድሞውንም አልተጻፈለትም ነበር።

2. ዋስ

በዋስትና ነገሩ ይገለበጣል። ጭሰኛው እየከፈለ ስሙ አልተጻፈም፤ ዋሱ ግን ሳይበደር ስሙ ይጻፋል። በቀድሞው የአገራችን ልማድ ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በቁራኛ ይታሰር ስለ ነበር፥ ዋስ መሆን የሰውን እግር ከሰንሰለት ማውጣት ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ በወሰን አጠረው። በቍጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ዋሱ ዕዳውን ከከፈለም በአበዳሪው መብት ተተክቶ ባለዕዳውን መጠየቅ ይችላል። እንግዲህ ሕጉ ለዋሱ ገንዘቡን የማስመለሻ መንገድ ሰጥቶታል፤ ባለዕዳው በደኅና ሲከፍል ግን የሚመሰገነው ባለዕዳው ብቻ ነው።

3. የቡድን ብድር

በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላ ሲንቄ ባንክ የሆነው የኦሮሚያ ብድርና ቍጠባ አክሲዮን ማኅበር መያዣ ለሌለው ገበሬ በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር። አባሎቹ እርስ በርሳቸው ዋስ ናቸው፤ አንዱ ቢያቅተው ሌሎቹ ይጠየቃሉ። በዚህ አኳኋን መሬቱን ማስያዝ የማይችል ሰው የጎረቤቱን መታመን ያስይዛል።

ጥቅሙ ግልጥ ነው፤ ጉድለቱ ግን ከባሌ እርሻ ጠባይ የተነሣ ይጐላል። በሲናናና በአካባቢው ያለው ገበሬ በበልግም በመኸርም አብዝቶ የሚዘራው ስንዴና ገብስ ነው፤ ጎረቤታሞች አንድ ዘር ይዘራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች በመታ ጊዜ እንደ ታየው፥ መቅሠፍቱ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይሻገራል። እንዲህ ባለው ጊዜ ዋሱና ባለዕዳው አብረው ይወድቃሉ፤ የቡድኑ ስም ብቻ በተጻፈበት መዝገብም ትጉሁና ቸልተኛው አይለዩም።

4. ከሌላ አገር ምሳሌ

ስምን ከሌላ ሰው ዕዳ ጋር ማያያዝ በአሜሪካም አከራክሯል። በዚያ አገር በባለካርዱ ፈቃድ ክሬዲት ካርዱን የሚጠቀም ሰው ለዕዳው በሕግ አይጠየቅም፤ ነገር ግን የሒሳቡ ታሪክ በእርሱም የብድር ሪፖርት ሊገባ ይችላል። የዚህ ሥር በእኩልነት ለማበደር በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ነው። ቀድሞ የባልና የሚስት ሒሳብ በባል ስም ብቻ ይጻፍ ስለ ነበር፥ ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ለብድር ስትቀርብ ታሪክ የሌላት ሆና ትገኝ ነበር። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ሁለቱ የሚጠቀሙበት ሒሳብ በሁለቱም ስም እንዲነገር ተደረገ። በኋላ አንዳንዶች በማያውቁት ሰው ካርድ ላይ ስማቸውን በገንዘብ ማስገባት ጀመሩ። የብድር ነጥብ የሚያወጣው ፋይኮ የተባለው ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ታሪክ ላለመቍጠር አስቦ ነበር፤ ነገር ግን በማግሥቱ ዓመት፥ እውነተኞቹን ባለትዳሮች ይጐዳል በመባሉ፥ አሳቡን ለወጠ።

5. መደምደሚያ

ከዚህ እንደምናየው የአሜሪካዊቱ ሚስትና የባሌው ጭሰኛ ችግር አንድ ነው፤ ሁለቱም በሌላ ሰው ስም ጥላ ሥር የቀሩ ናቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማእከል እንዲቋቋም መመሪያ ያወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ መመሪያ ተከትሏል። መዝገቡ እየሰፋ በሄደ መጠን ተበዳሪውን፥ ዋሱንና የቡድን አባሉን በየስማቸውና በየድርሻቸው ለይቶ መጻፍ ይገባዋል። ዋሱ የሌላውን ዕዳ ሲከፍል፥ የጻፉበት ጉድለት የባለዕዳው፥ ታማኝነቱ ግን የዋሱ መሆኑ ይታወቅ። ይህ ካልሆነ፥ የጭሰኛው ደረሰኝ መልኩን ለውጦ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።