በእግር የሚቃኝ ጊታር

«ካንትሪ» የሚባለውን የአሜሪካኖች ዘፈን በካሴት እየሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ዶን ዊልያምስ አንዱን ስንኝ ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ከኋላው አንድ ነገር ያቃስታል። ቫዮሊን አይደለም፤ ሰውም አይደለም። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው አይዘልም፤ ይንሸራተታል። ያውም ክሮቹ ሁሉ አብረው አይንሸራተቱም፤ አንዱ ባለበት ጸንቶ ሌላው ከሥሩ ተነሥቶ ይደርስበታል። ድምፁን ብዙዎቻችን ወደነዋል፤ ከምን እንደሚወጣ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። መሣሪያው ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል።

ምንነቱን ለመረዳት ክራርን ማሰብ ይበቃል። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ መሻገር ሲፈልግ ጨዋታውን አቁሞ ክሮቹን ማጥበቅና ማላላት አለበት። ቅኝት የሚለወጠው በሁለት ዘፈኖች መካከል ነው። አሁን ሌላ ዓይነት ክራር እናስብ። ክሩ ተመትቶ ገና እየጮኸ ሳለ ተጫዋቹ በእግሩ መርገጫ ሲጫን ቅኝቱ የሚለወጥ፣ እግሩን ሲያነሣ ወደ ነበረበት የሚመለስ። ፔዳል ስቲል ማለት ይኸው ነው።

ሲያዩት አራት እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ ይመስላል። አሥር ክሮች ከላዩ ተወጥረዋል። ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጥና በግራ እጁ ድፍን ክብ ብረት ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። «ስቲል» መባሉም ከዚሁ ብረት የመጣ ነው፤ የመሣሪያው ገላ አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ነው። በቀኝ እጁ ጣቶች ጥፍር አጥልቆ ክሮቹን ይመታል። ግራ እግሩ መርገጫዎቹን፣ ቀኝ እግሩ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን ይረግጣል። ሁለቱ ጉልበቶቹ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር የተንጠለጠሉ ማንሻዎችን ወደ ጎን ይገፋሉ። ሥራ ፈትቶ የሚቀረው አፍ ብቻ ነው፤ የፔዳል ስቲል ተጫዋቾች ፊታቸው ኮስተር ያለ ሆኖ የሚታየውም ሳይቆጥሩ ስለማይውሉ ይመስለኛል።

አንዱን ለመግዛት የተነሣሁት አሜሪካን አገር በምኖርበት ጊዜ ነበር። ይህ መሣሪያ ማንም የሙዚቃ ዕቃ መደብር ገብቶ ከመደርደሪያ የሚያወርደው አይደለም። አዲሱ በአብዛኛው በትንንሽ ወርክሾፖች በትዕዛዝ ይሠራል፤ ያገለገለው ከተጫዋች ወደ ተጫዋች ይተላለፋል። እኔም ዕቃውን ተሸክሞ መዞር የከበደው አንድ ሽማግሌ ተጫዋች ዘንድ ሄድኩ። ስለ ዋጋ አንድ ቃል ሳንነጋገር የጠየቀኝ ይህን ነበር፤ «ኤመንስ ነህ ወይስ ዴይ?»

አጠያየቁ የሃይማኖት ይመስላል። ኤመንስና ዴይ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። በጣም በተለመደው ቅኝት፣ «ኢ ናይን» በሚሉት፣ ሦስት ዋና መርገጫዎች አሉ፤ ኤ፣ ቢና ሲ ይባላሉ። ከግራ ወደ ቀኝ ኤ-ቢ-ሲ ተብለው ከተደረደሩ መሣሪያው «ኤመንስ» ነው፤ ሲ-ቢ-ኤ ከሆኑ «ዴይ» ነው። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አንድ እግር አንዱን ከለመደ ወደ ሌላው መሻገር መሪው በግራ የሆነ መኪና ሲነዳ ለኖረ ሰው መሪው በቀኝ የሆነውን እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ ገዢው ከሁሉ በፊት የሚመርጠው ቀለሙን ወይም ስሙን አይደለም፤ የማንን እግር እንደሚከተል ነው።

የሁለቱ እግሮች ነገር የሚጀምረው ናሽቪል ላይ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1953 ማብቂያ ዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» የተባለውን ዘፈን ሲቀዳ ስቲል ጊታሩን የያዘው ባድ አይዛክስ ነበር። መርገጫ ያለው ጊታር ከዚያ በፊትም ነበር፤ ጊብሰን «ኤሌክትራሃርፕ» የተባለውን ያወጣው በ1940 ገደማ ነው። ነገር ግን መርገጫው የሚያገለግለው ከአንድ ቅኝት ወደ ሌላው በጸጥታ ለመሻገር ነበር፤ የክራሩ ማጥበቅና ማላላት በእግር ሲሠራ ማለት ነው። አይዛክስ ክሮቹ እየጮሁ ሳሉ ረገጠው። መንሸራተቱ ተሰማ። ዘፈኑ በ1954 የካንትሪውን ገበያ ለብዙ ሳምንታት ሲመራ መርገጫ ያልነበራቸው ተጫዋቾች በልብስ መስቀያ ሽቦ ሳይቀር ሊሠሩለት ሞከሩ ይባላል።

የአይዛክስ መርገጫ ሁለት ዓይነት ክሮችን ባንድ ጊዜ ይስብ ነበር። በ1955 በ18 ዓመቱ ናሽቪል የገባው ባዲ ኤመንስ ይህን ሥራ ለሁለት ከፈለው። አንዱ መርገጫ የቢን ክር በሙሉ ድምፅ ወደ ሲ ሻርፕ ያነሣል፤ ሌላው የጂ ሻርፕን ክር በግማሽ ድምፅ ወደ ኤ ያነሣል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ተጫዋቹ ግን ከዚያ ወዲያ አንዱን ብቻ፣ ወይም ሁለቱን፣ ወይም አንዱን ቀድሞ ሌላውን አዘግይቶ ማምጣት ቻለ፤ እኛ «ልቅሶ» የምንለው በአብዛኛው ይህ አዘግይቶ ማምጣት ነው። ጂሚ ዴይም በዚያው ዘመን ይህንኑ አደረገ፤ ያስቀመጠበት ቅደም ተከተል ግን ተገላቢጦሽ ነበር። ሽማግሌው የጠየቀኝ እንግዲህ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከነበሩት ከእነዚህ ሁለት ወጣቶች ማንን እንደምከተል ነው።

ኤመንስ በዚህ አላበቃም። በ1957 ከሾት ጃክሰን ጋር «ሾ-ባድ» የተባለውን አምራች አቋቋመ፤ ስሙ የሁለቱ ስም ቁራጭ ነው። በ1962 በኢ ናይን ቅኝት ላይ ሁለት ክሮች ጨመረ፤ በ1963 ደግሞ በራሱ ስም ወደሚጠራ ፋብሪካ ተሻገረ። የጨመራቸው ሁለት ክሮች ጀማሪን ሁሉ ግራ ያጋባሉ። አንደኛው ክር ከሁሉ ቀጭን ድምፅ ያለው ይመስላችኋል፤ አይደለም፤ ከሁሉ ቀጭኑ ሦስተኛው ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ድሮ ከነበሩት በላይ የተቀጠሉ፣ ድምፃቸው ግን ከሦስተኛው በታች የሆነ ናቸው። እንደ አሮጌ ቤት ነው፤ በሩ ለምን በዚህ በኩል ሆነ ካላችሁ፣ ጓዳው በኋላ ስለተጨመረ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የታሪኩ ጭራ ነው። ራሱ ያለው ሃዋይ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ቫንኩቨር በ1793 ለሃዋይ ንጉሥ ከብቶች አበረከተ። ከብቶቹ ተራብተው ዱር ገብተው አገሬውን ሲያስቸግሩ፣ ካሜሃሜሃ ሣልሳዊ በ1830ዎቹ የሜክሲኮ ላም ጠባቂዎችን አስመጣ። እነሱም ጊታር ይዘው መጡ። የሃዋይ ሰዎች ጊታሩን ወሰዱና ክሮቹን አላልተው፣ ያለ ግራ እጅ ጣት ሲመታ የተሟላ ስምም ድምፅ እንዲሰጥ አድርገው ቃኙት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጆሴፍ ኬኩኩ ነው፤ በ1874 ኦዋሁ ደሴት ላይ የተወለደ ልጅ። በ1889 ገደማ በባቡር ሐዲድ ሲሄድ አንድ ብሎን አንሥቶ ክሩን ሲነካበት ድምፁ ተንሸራተተ ተብሎ ይተረካል። የቢላዋ ጀርባ ሞከረ፤ ቀጥሎም በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ለስላሳ ብረት አበጀ። ፈጣሪው ሌላ ነው የሚሉም አሉ፤ ሕንድ ተወላጅ የሆነ ጋብሪኤል ዳቭዮን የተባለ ሰው ስም ይነሣል። ስልቱን አሳድጎ ለዓለም ያስተማረው ግን ኬኩኩ መሆኑ አያከራክርም።

በ1893፣ ከአድዋ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የውጭ ነጋዴዎች የአሜሪካ ወታደሮችን ተገን አድርገው ንግሥት ሊሊዑኦካላኒን ከዙፋን አወረዷት። በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች። አገሩ ሲወሰድ ዘፈኑ ተከትሎ ወጣ። ኬኩኩ በ1904 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተከፈተውን ዓለም አቀፍ ትርኢት ከ18 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ሲጎበኝ፣ የሃዋይ አዳራሽ ሙዚቀኞች ያን ድምፅ ለአህጉሩ አሰሙት። በየከተማው የሃዋይ ጊታር ማስተማሪያ ቤት ተከፈተ። በ1932 ለገበያ የቀረበው የሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቅርጹን አይተው «መጥበሻ» ያሉት፣ በጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ የሃዋይ ጊታር ነበር። ሮክ የሚጫወቱ ልጆች የሚያነግቡት ኤሌክትሪክ ጊታር ታላቅ ወንድሙ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ኬኩኩ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሞተ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ላም ጠባቂዎች ጊታሩን ሃዋይ አደረሱት፤ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ድምፁ ወደ ላም ጠባቂዎች ዘፈን ተመለሰ፤ የቴክሳስና የቴኔሲ ሰው አሁን ከአያቱ የወረሰው ያህል ይምልበታል። ብድር የሌለበት ሙዚቃ የለምና መዋሱን አልነቅፍም። እኔን የሚከነክነኝ ስሙ ነው። የመርገጫው ድርድር ኤመንስ ወይም ዴይ ይባላል፤ በመሣሪያው ላይ ኬኩኩ የሚባል አንድ ብሎን እንኳ የለም። የስቲል ጊታር ተጫዋቾች የክብር መዝገብ ኬኩኩን ያስገባው በ1993 ነው፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ንግሥቲቱ ስለወረደችበት ይቅርታ የጠየቀውም በዚያው ዓመት ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ግንኙነት አለው አልልም፤ ሁለቱም አንድ ምዕት ዓመት ፈጅተዋል።

መርገጫ ለምን አስፈለገ? ቀጥ ያለ ብረት ክሮቹን ሁሉ አብሮ ስለሚያንቀሳቅስ ነው። የተቃኘበትን አንድ ስምም ድምፅ ወዲያና ወዲህ ከመውሰድ በቀር ብዙ አያደርግም። ተጫዋቾች መላው የጠፋባቸው ጊዜ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አንገት ደረደሩ። ሞተር ብስክሌት ይሠራ የነበረው ፖል ቢግዝቢ በ1948 ለስፒዲ ዌስት መርገጫ ያለው ጊታር ሠራለት። ዛሬም መሣሪያውን ገልብጦ ሆዱን የሚያይ ሰው የሙዚቃ ዕቃ አይመስለውም፤ ዘንግ፣ ማጠፊያ፣ መመለሻ ሞላ፣ ልክ የሞተር ብስክሌት ፍሬን ነው።

ድምፁም ናሽቪል ላይ ታስሮ አልቀረም። ከ1930ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የኢሰን ወንድማማቾች «የእግዚአብሔር ቤት» በተባለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስቲል ጊታርን የኦርጋንን ቦታ አስያዙት። ናይጄሪያ ውስጥ ኪንግ ሰኒ አዴ በጁጁ ባንዱ ፔዳል ስቲል አስገባ፤ ተጫዋቹ ዴሞላ አዴፖጁ በ1986 በወጣው የፖል ሳይመን «ግሬስላንድ» ላይም ይሰማል። የአዴፖጁ አጨዋወት ውስጥ ልቅሶ የለም፤ ይስቃል። ልቅሶው የመሣሪያው ሳይሆን የናሽቪል እንደሆነ የገባኝ እሱን ስሰማ ነው።

ወደ ግዢው ልመለስ። ሁለት አንገት ያለው፣ ለጃዝ የሚስማማውን «ሲ ሲክስ» ቅኝት የጨመረው፣ ከነሣጥኑ 30 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ተውኩት፤ ባለ አንድ አንገቱን፣ ሦስት መርገጫና አራት የጉልበት ማንሻ ያለውን መረጥኩ። የጉልበት ማንሻ የሌለው ርካሽ ቢገኝም አይመከርም፤ የኢ ክሮች በግማሽ ድምፅ ካልወረዱ የዛሬው አጨዋወት እኩሌታው ይቀራል። ሽማግሌው አስቀምጦ ጉልበቴ ማንሻዎቹ ጋ መድረሱን አየ። ቀጥሎ ክሮቹ በቀኝ በኩል የሚያርፉባቸውን ክብ ብረቶች ተመለከትን፤ ክሩ ቦይ ከቆፈረባቸው ክር ይበጥሳሉና። ከዚያ አንድ ያልተነካ ክር እየመታሁ መርገጫዎቹን እንድጫን አዘዘኝ። ገላው በጫናው ትንሽ ስለሚታጠፍ የማይመለከተው ክር እንኳ ዝቅ ይላል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ የመሣሪያውን ጤንነት ይናገራል።

አቃኛኘቱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ክሮቹ ምንም ሳይረገጥ በግራ በኩል ባሉት መቃኛዎች ይቃኛሉ፤ ከዚያ መርገጫው ተረግጦ ሳለ በቀኝ ጫፍ ያሉት የናይለን ብሎኖች በመፍቻ ይዞራሉ። በ1960ዎቹ የወጣው የኤመንስ ፋብሪካ ስልት ግን ይህን ይገለብጠዋል፤ የተረገጠው በግራ፣ ያልተረገጠው በቀኝ ይቃኛል። ለድምፁ ሲሉ የሚታገሡት አሉ፤ እኔ አቅሙ የለኝም።

ዋናው ጣጣ የጂ ሻርፕ ክር ነው። በመቃኛ መሣሪያው መርፌ መሠረት ካስተካከላችሁት ከኢ ጋር ሲመታ ይንቀጠቀጣል። ጆሮ የሚወደው ከዚያ ዝቅ ያለውን ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ግማሽ ድምፅ 14 መቶኛ ያህል ነው። ክራሩን በጆሮው የሚቃኝ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ነገር ግን ፒያኖ ካለበት ባንድ ጋር ከተጫወታችሁ ፒያኖው እሺ አይልም፤ መሐል ቦታ መፈለግ ግዴታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን መሐል ቦታ ይጽፋል። በገዛሁት ላይ ከመቃኛዎቹ አጠገብ ጠባብ ወረቀት ተለጥፏል፤ ለአሥሩም ክሮች የሽማግሌው ቁጥሮች በእርሳስ ተጽፈውበታል፤ ሁለቱ ተሰርዘው እንደገና ተጽፈዋል። አልላጥኩትም። ሦስተኛው ክር፣ ውፍረቱ የኢንች 11 ሺኛ የሆነው፣ በሳምንቱ ተበጠሰ፤ ከሁሉ ቶሎ የሚበጠሰው እሱ ስለሆነ ተጫዋቾች እሱን ብቻ በደርዘን ይገዛሉ።